ቢልት ኢን የሚመስል ፍሪጅ፣ በአቅም

ፍሪጅ በብዙ ኢትዮጵያውያን ቤት ለረጅም ጊዜ የኩሽና ዕቃ አልነበረም። ቦታው ሳሎን ነበር፤ ከቴሌቪዥኑ ማዶ ወይም ከምግብ ጠረጴዛው ራስጌ፣ አናቱ ላይ ዳንቴል ተነጥፎለት፣ በዳንቴሉ ላይ የፕላስቲክ አበባ ተቀምጦለት። ለዚህም በቂ ምክንያት ነበረው። ማድ ቤቱ ከዋናው ቤት ተለይቶ ጓሮ የሚገኝ፣ ጭስና ጥላሸት የማያጣው፣ ብዙ ጊዜም ሶኬት የሌለው ክፍል ነው። ያን ያህል ገንዘብ የወጣበት ዕቃ እዚያ አይጣልም። በዚያ ላይ ፍሪጅ መታየት ነበረበት፤ እንግዳ ገና ከመቀመጡ የቤቱን አቅም የሚናገረው እሱ ነበርና።

ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል። አዲስ አበባ ውስጥ በሚሠሩት አፓርትመንቶች ሳሎኑና ኩሽናው በአንድ ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት ተያይተው ይኖራሉ፤ በኮንዶሚኒየም ቤቶችም ግድግዳ አፍርሶ «ኦፕን ኪችን» ማድረግ ተለምዷል። በዚህ ጊዜ ካቢኔቱ አንድ ቀለም፣ ግራናይቱ አንድ መስመር ሆኖ ሲያበቃ፣ ፍሪጁ ጥግ ላይ ነጭ ሆኖ፣ ከመስመሩ ወጥቶ፣ ከጎኑ አቧራ የሚጠራቀምበት ክፍተት ትቶ ይቆማል። ባለቤቶቹ ታዲያ ስልካቸው ላይ ያገኙትን ፎቶ ይዘው ፈርኒቸር ቤት ይሄዳሉ። «እንደዚህ አድርግልን» ይላሉ። ፎቶው ላይ ያለው ፍሪጅና ቤታቸው ያለው ፍሪጅ ግን አሠራራቸው ለየቅል ነው። አናጢው ይህን ካላወቀ ውጤቱ ቆንጆ ሳጥን ውስጥ የታፈነ ፍሪጅ ይሆናል።

ስለዚህ መጀመሪያ እውነተኛውን ቢልት ኢን፣ ማለትም ከካቢኔት ጋር እንዲገጠም ተደርጎ የተሠራውን ፍሪጅ፣ እንተዋወቅ።

ከግድግዳ ጋር የተገጠመ ኩሽና የሚለው ሐሳብ የመጣው ከሀብታም ቤት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1926 ኦስትሪያዊቷ አርክቴክት ማርጋሬቴ ሹተ ሊሆትስኪ በጀርመን ለፍራንክፈርት ከተማ የመኖሪያ ቤቶች ግንባታ የነደፈችው ኩሽና ስፋቱ 1.9 በ3.4 ሜትር ገደማ ነበር። መሳቢያው፣ መደርደሪያው፣ መክተፊያው ሁሉ በልክ ተሠርቶ ተገጥሞበታል፤ ወደ 10 ሺህ በሚጠጉ ቤቶችም ገብቷል። ዓላማው የሴቶችን እርምጃና ድካም መቀነስ፣ ከጠባብ ቤትም ቦታ ማትረፍ ነበር። ፍሪጅ ግን አልነበረውም። ፍሪጁ ከካቢኔቱ ጋር አብሮ የተሰለፈው ቆይቶ፣ በአሜሪካ ነው። ዌስቲ ባኪ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1945 በዊስኮንሲን ግዛት በማዲሰን ከተማ ሰብ ዜሮ የተባለውን ኩባንያ አቋቋመ፤ ኩባንያው በ1950ዎቹ ከካቢኔት መስመር የማይወጣ ፍሪጅ ይዞ ወደ መኖሪያ ቤት ገባ።

ምስጢሩ ኮምፕረሰሩ፣ ማለትም የፍሪጁ ሞተር፣ ያለበት ቦታ ላይ ነው። ተራው ፍሪጅ ኮምፕረሰሩን ከታች፣ ከኋላው ይሸከማል፤ ለእሱ የሚሆን ቦታ ስለሚፈልግም ወደ ኋላ ይረዝማል። የሰብ ዜሮ ነባር ቢልት ኢን ፍሪጆች ኮምፕረሰራቸውን አናታቸው ላይ ስለሚያስቀምጡ ጥልቀታቸው ወደ 61 ሴንቲ ሜትር ወርዶ ከአሜሪካ የታችኛ ካቢኔት ጋር እኩል ሆነ። በምትኩ ቁመታቸው ወደ 213 ሴንቲ ሜትር ወጣ። በፎቶዎቹ ላይ ከበሩ በላይ የምናየው ባለ መስመር ወንፊት ጌጥ አይደለም፤ ሙቀቱ በፊት በኩል የሚወጣበት ነው። ለዚህ አሠራር የሚከፈለው ዋጋ ደግሞ ለትልልቆቹ ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ነው፤ በሩን የሚሸፍነው እንጨት ብዙ ጊዜ ለብቻው ይገዛል።

አውሮፓውያን ሌላ መንገድ መረጡ። የእነሱ ካቢኔት 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው፤ በዚያ ውስጥ ወደ 54 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ ትንሽ ፍሪጅ ይገባል፤ የካቢኔቱ በርም በፍሪጁ በር ላይ ይገጠማል። ሲዘጋ ቁም ሳጥን ነው፣ ሲከፈት ፍሪጅ ነው። አየር በእግሩ ሥር ካለው ወንፊት ገብቶ፣ በጀርባው ወጥቶ፣ በአናቱ በኩል ይሄዳል። ለእንዲህ ያለው ፍሪጅ በመመሪያዎች ላይ በብዛት የሚታዘዘው የአየር መግቢያና መውጫ ልክ ቢያንስ 200 ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ነው። ይህን ቁጥር አንባቢ ይያዝልኝ፤ በኋላ እንፈልገዋለን።

ወደ እኛ ገበያ ስንመጣ ሁለቱም ዓይነት ብርቅ ናቸው፤ ቢገኙም ዋጋቸው አይቀመስም። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ምን እንደሆነ ለማንም አይነገርም። እኔ የምለው ግን ሌላ ነው፤ እነዚህን ፍሪጆች መመኘትም አያስፈልግም። ዓይን ቢልት ኢን ብሎ የሚያነበው ፍሪጁን ሳይሆን ዙሪያውን ነው። ጎኑ ከተሸፈነ፣ አናቱ ላይ ካቢኔት ካለ፣ የብረቱ አካል ከእንጨቱ ጠርዝ ካላለፈ፣ ማንኛውም ደህና ፍሪጅ ቢልት ኢን ይመስላል። ይህ ሁሉ የሚሠራው ከእንጨት ነው፤ እንጨቱን ደግሞ የሰፈራችን አናጢ ይቆርጠዋል።

ቁጥር ይዘን እንሂድ። ገበያ ላይ የተለመደ ባለ ሁለት በር ፍሪጅ እንውሰድ፤ ስፋቱ 60፣ ቁመቱ 170፣ ጥልቀቱ ከነበሩ 65 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ከ65ቱ ውስጥ በሩ ብቻ ወደ 6 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ስለዚህ የአካሉ ጥልቀት 59 ነው። ፓነሉ የሚቆረጥበት የኤም ዲ ኤፍ (የተጨመቀ እንጨት) ሙሉ ሉህ 1.22 በ2.44 ሜትር ነው። ይህ ሉህ በቁመቱ መሃል ለመሃል ሲሰነጠቅ፣ መጋዙ የበላው ሚሊ ሜትር ተቀንሶ፣ ከ60 ሴንቲ ሜትር ትንሽ የሚበልጡ ሁለት ረጃጅም ፓነሎች ይወጡታል። የፍሪጁ ግራና ቀኝ በአንድ ሉህ ተሸፈነ ማለት ነው። ለአናቱ ካቢኔት ሌላ አንድ ሉህ ይበቃል፤ ትንሽም ይተርፋል። ከሁለት ሉህ በላይ የሚጠይቅ ፈርኒቸር ቤት ካለ ዝርዝሩን መጠየቅ መብት ነው።

«ፍሪጁ ከኋላው 5 ሴንቲ ሜትር አየር ከፈለገ የአካሉ ፊት ከግድግዳው 64 ሴንቲ ሜትር ላይ ይደርሳል፤ የ60 ፓነል እንዴት ይሸፍነዋል?» ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። መልሱ ቀላል ነው፤ ፓነሉ ከግድግዳው ጋር መጣበቅ የለበትም። ግድግዳው ላይ በፊሸር የታሰረ ሞራሌ ተደርጎ፣ ፓነሉ ከግድግዳው 5 ሴንቲ ሜትር ርቆ ይቆማል። ፊቱ 65 ላይ ይደርሳል፤ የፍሪጁ ብረት በሙሉ ከእንጨቱ ኋላ ይሆናል፤ ከፓነሉ ፊት የሚቀረው በሩ ብቻ ነው። ከኋላ የቀረውን ክፍተት ጎረቤቱ ካቢኔት ይሸፍነዋል። ፓነሉ ወደ ሳሎን የሚታይ ከሆነ ደግሞ በቀጭን ቁራጭ ይደፈናል፤ ታችና ላዩ ግን ክፍት ይተዋል።

በሩን ወደ ውስጥ መክተት የሚፈልጉ አሉ። እኔ አልመክርም። የተራ ፍሪጅ በር ሲከፈት ጠርዙ ከአካሉ ስፋት ውጭ ወደ ጎን ይወጣል፤ ፓነሉ እዚያ ካለ ይገታዋል። በሩ 90 ዲግሪ ላይ ሲቆም ደግሞ የአትክልት መሳቢያው በበሩ መደርደሪያ ተይዞ አይወጣም። መሳቢያውን ለማጠብ በየጊዜው ፍሪጁን ጎትቶ ማውጣት ሊመጣ ነው። በማጠፊያው በኩል ግድግዳ ካለም እንደዚሁ ነው፤ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ቦታ በእንጨት ማካካሻ ተሞልቶ ፍሪጁ ከግድግዳው መራቅ አለበት። አንዳንዱ ፍሪጅ በሩን ከግራ ወደ ቀኝ ማዞር ይፈቅዳል፤ ካቢኔቱ ከመቆረጡ በፊት ይህን መወሰን ነው።

የታችኛው ካቢኔት ጥልቀቱ ብዙ ጊዜ ከ55 እስከ 60 ስለሆነ የእኛ ፓነል ከመስመሩ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደፊት ይወጣል። ይህ ጉድለት አይደለም። ቁመቱ እስከ ላይ የሚደርስ ነገር ትንሽ ወደፊት ሲወጣ ዓይን ሆን ተብሎ የተሠራ አድርጎ ይቀበለዋል፤ ግራናይቱም ፓነሉ ላይ ደርሶ በንጽህና ይቆማል። የማያምረው የተገላቢጦሹ ነው፤ ጥልቀቱ 35 የሆነ የላይ ካቢኔት ከፍሪጁ በላይ ሲሰቀል ከፊቱ ጉድጓድ ይቀራል። ካርቶን፣ ያረጀ ድስትና የበዓል ትሪ የሚከማችበት ያ ጉድጓድ ነው። የፍሪጁ አናት ካቢኔት እስከ ፓነሉ ፊት ድረስ መምጣት አለበት። አብዛኛው ሥራ ተሠርቶ እዚህ ላይ ሲበላሽ ስለማይ ደግሜ እላለሁ፤ የአናቱ ካቢኔት ጥልቀት እንደሌሎቹ የላይ ካቢኔቶች ሳይሆን እንደ ፍሪጁ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ አየሩ።

ፍሪጅ ብርድ አያመርትም። ከውስጡ ሙቀት እየለቀመ ወደ ውጭ የሚጥል ማሽን ነው። በቧንቧው ውስጥ የሚዘዋወረው ጋዝ ከውስጥ በኩል ሲተን ሙቀት ይቀበላል፤ ኮምፕረሰሩ ጨምቆ ወደ ውጭው ቧንቧ ሲልከው ተመልሶ ፈሳሽ እየሆነ ያንን ሙቀት ይለቃል። ጎርፍ የገባበትን ቤት በባልዲ እየቀዳ እንደሚያደርቅ ሰው ነው፤ ውኃውን ደጃፉ ላይ ካፈሰሰው ተመልሶ ይገባበታል። በካቢኔት ታፍኖ ሙቀቱ መውጫ ያጣ ፍሪጅም እንደዚያው ራሱ ያወጣውን ሙቀት እየተቀበለ ይውላል። ኮምፕረሰሩ ያለዕረፍት ይሠራል፤ ቆጣሪው ይሮጣል፤ ወተቱ ግን ይበላሻል።

የድሮ ፍሪጅ ጥቁር ቧንቧው ከጀርባው ተዘርግቶ ይታይ ነበር። የዛሬዎቹ ብዙዎቹ ያንን ቧንቧ በጎንና በጎን ቆርቆሯቸው ውስጥ ደብቀውታል፤ ጎኑን በእጅ ሲነኩት የሚሞቀው ለዚህ ነው። ሰው ይደነግጣል፤ ጤናማ ነው። ግን ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛው፣ ጎኑ ከእንጨቱ ጋር መጣበቅ የለበትም። በግራና በቀኝ 3፣ 3 ሴንቲ ሜትር ብንተው የ60ው ፍሪጅ 66 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቦታ ይፈልጋል። ሁለተኛው ከሁሉ የከፋው ነው፤ ፓነሉን ወይም ማካካሻውን በፍሪጁ አካል ላይ በብሎን የሚያስሩ አናጢዎች አሉ። ብሎኑ ቧንቧውን ከበሳ ጋዙ ወጣ፣ ፍሪጁም ሞተ። በቆርቆሮና በፎም መካከል የተቀበረ ቧንቧ ደግሞ እንደነበረ መጠገን የሚሞከር አይደለም። በተጨማሪም የብዙ አዳዲስ ፍሪጆች ጋዝ በመለያው ላይ አር 600 ኤ ተብሎ የተጻፈው አይሶቡቴን ነው፤ መጠኑ በግራም የሚቆጠር ትንሽ ቢሆንም እሳት ይይዛል። በፍሪጅ አካል ላይ መሰርሰሪያ አይቀርብም፤ እንጨቱ የሚታሰረው ከግድግዳና ከካቢኔት ጋር ብቻ ነው።

ቅድም ይያዝልኝ ያልኩት 200 እዚህ ይመጣል። ፍሪጁ 60 ሴንቲ ሜትር ቢሰፋና ከአናቱ በላይ 4 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ቢተው 240 ስኩዌር ሴንቲ ሜትር መውጫ ተገኘ ማለት ነው። 5 ቢሆን 300። ይህ ክፍተት በፊት በኩል ይታያል፤ አስቀያሚ ግን አይደለም፤ ጥላ ሆኖ ያልፋል። ጨርሶ እንዳይታይ የሚፈልግ ሰው የአናቱን ካቢኔት ከጀርባ 5 ሴንቲ ሜትር አሳጥሮ ከግድግዳው ማራቅ፣ ካቢኔቱንም ከኮርኒሱ ዝቅ አድርጎ መተው ይችላል። ያኔ ሙቀቱ በጀርባው እንደ ጭስ ማውጫ ቀጥ ብሎ ወጥቶ በካቢኔቱ አናት ላይ ይበተናል። ካቢኔቱ ኮርኒስ የሚነካ ከሆነ ግን ይህ መንገድ ዝግ ነውና የፊቱ ክፍተት ግዴታ ነው። ከታች በኩል አየር እንዲገባ የፍሪጁ እግር ሥር አይደፈንም። ዳንቴሉንም ቢሆን ከአናቱ ላይ ማንሳት ነው። እነዚህ ልኮች ግን የእኔ ናቸው፤ ፍሪጁ ውስጥ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ የመጣው መመሪያ ከዚህ የበለጠ ክፍተት ከጠየቀ የመመሪያው ይበልጣል። አንዳንዱ ሞዴል በፊት እግሩ በኩል ስለሚተነፍስ ጎኑን ማስጠጋት ይፈቅዳል፤ ይህም እዚያው ተጽፎ ይገኛል።

አዲስ አበባ ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ቢሆን ነው። ቀጭን አየር ሙቀት የመሸከም አቅሙም ያንሳል። የከተማዋ ቅዝቃዜ ይህን ያካክሰዋል፤ ለዚህ ነው ብዙ ሰው ችግሩን የማያየው። ፍሪጁን በጠባብ ሣጥን ውስጥ ከትቶ፣ ጎኑ ላይ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ የሚስብ የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚጥድ ግን ያንን ማካካሻ በገዛ እጁ አጠፋው። ምጣድ፣ ምድጃና ኦቨን ከፍሪጁ ቢያንስ በአንድ ካቢኔት ስፋት ይራቁ፤ የእንጀራው እንፋሎትም የፓነሉን ጠርዝ ያሳብጠዋልና። ድሬዳዋ፣ ጋምቤላ ወይም ሰመራ ላሉ አንባቢዎች ደግሞ የፍሪጁ የአየር ንብረት ደረጃ ወሳኝ ነው። በመለያው ላይ «ኤን» የሚል ከሆነ እስከ 32 ዲግሪ፣ «ኤስ ቲ» ከሆነ እስከ 38፣ «ቲ» ከሆነ እስከ 43 ዲግሪ ባለው ክፍል ውስጥ እንዲሠራ የተነደፈ ነው። በቆላ ከተማ «ኤን» ፍሪጅ ካቢኔት ውስጥ ማስገባት ገንዘብ መጣል ነው።

አየሩ መብቃቱ የሚታወቀው ፍሪጁ ቦታው ገብቶ አንድ ሁለት ቀን ከሠራ በኋላ ነው። ቀድሞ ይሠራ ዕረፍት ይወስድ የነበረ ኮምፕረሰር አሁን የማያቋርጥ ከሆነ ክፍተቱ አነሰ። ኢንቨርተር የሚባለው ዓይነት ግን ከመጀመሪያውም በዝቅተኛ ፍጥነት ሳያቋርጥ ስለሚሠራ በዚህ አይለካም፤ ለእሱ ርካሽ ቴርሞ ሜትር መካከለኛው መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ ይሻላል። 4 ዲግሪ ገደማ ካሳየ ደህና ነው።

ስለ እንጨቱ ብዙ አልልም። ችፑድ ርካሽ ነው፤ ኤም ዲ ኤፍ ጠርዙ ለስላሳና ቀለም የሚቀበል ነው፤ ኮምፔንሳቶ ውኃ ይችላል። 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይበቃል። ሁለቱ የመጀመሪያዎቹ ውኃን አይወዱም፤ ወለል በሚታጠብበት ቤት ደግሞ ውኃ የሚገባው ከፓነሉ ሥር ነው። ስለዚህ የታችኛው ጠርዝ እንደ ፊቱ ጠርዝ በፕላስቲክ መለበጥ አለበት፤ አናጢዎች «አይታይም» ብለው የሚተውት እሱን ነው። ፓነሉን ከወለሉ ጥቂት ሚሊ ሜትር ከፍ አድርጎ ማቆም ደግሞ ወጪ የለውም።

በግድግዳ ውስጥ ጉድጓድ ማውጣት ሌላው የሚወራ መንገድ ነው። አሜሪካ ውስጥ ግድግዳው እንጨትና ጂፕሰም ስለሆነ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ማትረፍ ይቻላል። እኛ ጋ ግድግዳው ብሎኬት ነው። ሕንፃውን የሚሸከሙት ኮለንና ቢሙ ቢሆኑም ብሎኬቱ ውስጥ የመብራት ቱቦ፣ አንዳንዴም የውኃ መስመር አለ፤ ከማዶ ደግሞ ጎረቤት አለ። በጋራ ሕንፃ ውስጥ ይህን ያለ ባለሙያና ያለ ፈቃድ መንካት ተገቢ አይደለም። 10 ሴንቲ ሜትር ለማትረፍ ከጎረቤት መጣላት አያዋጣም።

ሶኬቱ ግን ይታሰብበት። አብዛኛው ቤት ሶኬቱ ከፍሪጁ ጀርባ ነው። ፍሪጁ ካቢኔት ውስጥ ከገባ በኋላ ገመዱን ለመንቀል ሁሉንም ጎትቶ ማውጣት ያስፈልጋል ማለት ነው፤ መብራት በሚሄድበትና በሚመጣበት ከተማ ይህ አይሆንም። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርቶ ሶኬቱን ወደ ጎን ካቢኔት ውስጥ ማዞር ከፓነሉ ሥራ በፊት ነው። ስታቢላይዘሩ ወይም የፍሪጅ መከላከያው እዚያው ይቀመጣል፤ እሱም ይሞቃልና ከፍሪጁ ጀርባ አይጣልም። መብራት ተመልሶ ሲመጣ ኮምፕረሰሩን ጥቂት ደቂቃ አዘግይቶ የሚያስነሳ መከላከያ ከሆነ ደግሞ የተሻለ ነው።

ከውጭ ዕቃ ለሚልኩ ወገኖችም አንድ ቃል አለኝ። አሜሪካ ያሉ ዘመዶች «ካውንተር ዴፕዝ» የሚባለውን፣ አካሉ ከካቢኔት ጋር እኩል ሆኖ በሩ ብቻ የሚወጣውን ፍሪጅ በኮንቴነር ለቤተሰብ ወይም አዲስ ለሠሩት ቤት ይልካሉ። መልኩ በትክክል የምንፈልገው ነው። ኤሌክትሪኩ ግን 120 ቮልትና 60 ኸርትዝ ነው፤ የእኛው 220 ቮልትና 50 ኸርትዝ። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያስተካክላል፤ ኸርትዙን ግን አይነካም። ለ60 የተሠራ ተራ ሞተር በ50 ላይ ሲዞር ፍጥነቱ በአንድ ስድስተኛ ይቀንሳል፤ ቮልቱ በዚያው ልክ ካልወረደለትም ይግላል። ይህን ፍሪጅ ካቢኔት ውስጥ መክተት በሙቀት ላይ ሙቀት መጨመር ነው። ከሳዑዲ የሚመጣውም መለያው ይነበብ፤ እዚያ ቮልቱ ከእኛ ጋር ቢቀራረብም ኸርትዙ 60 ነው። የዱባይ 50 ስለሆነ በዚህ በኩል አያሳስብም። ለፍሪጁ ማጓጓዣ የሚወጣው ገንዘብ እዚህ ደህና ፍሪጅና ሁለት ሉህ ቢገዛ ይሻላል ባይ ነኝ።

ጭራሽ ካቢኔት ማሠራት የማይችል፣ ወይም ተከራይ የሆነ ሰውስ? መኪና ላይ ስቲከር የሚለጥፉ ባለሙያዎች የፍሪጅ በርም ይለብጣሉ። በሩ የካቢኔቱን ቀለም ሲይዝ ፍሪጁ ግማሽ ያህሉን ይሰወራል፤ ተከራዩ ቤቱን ሲለቅም ስቲከሩ ይላጣል። ቀጭን ፎርማይካም በሁለት ፊት ማጣበቂያ ይሆናል። የ18 ሚሊ ሜትር እንጨት በተራ ፍሪጅ በር ላይ መስቀል ግን አይሞከርም፤ ማጠፊያው ለዚያ ክብደት አልተሠራም፤ በሩ ሲያዘነብል ላስቲኩ ይላቀቃል፣ ብርዱም ያመልጣል። ፍሪጅ ገና የሚገዛ ሰው ደግሞ ለውጡን በነፃ ያገኛል፤ ካቢኔቱ ጥቁር ግራጫ ከሆነ ጥቁር ግራጫ ፍሪጅ፣ ነጭ ከሆነ ነጭ፣ እጀታውም ወደ ውስጥ የተቀበረ።

የመጨረሻው ነገር ዕድሜ ነው። ፍሪጅ ከ10 እስከ 15 ዓመት ቢያገለግል ነው፤ ደህና ካቢኔት ከዚያ በላይ ይቆያል። ስለዚህ ቦታው ለዛሬው ፍሪጅ ብቻ ተሰፍቶ መሠራት የለበትም። ኩሽናው ከፈቀደ ቦታውን ወደ 76 ሴንቲ ሜትር አስፍቶ፣ ትርፉን በሚነቀል ቀጭን የእንጨት ማካካሻ መሙላት ይሻላል፤ ነገ 70 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ ፍሪጅ ቢመጣ ማካካሻውን ነቅሎ ማስገባት ብቻ ነው። ባለ ሁለት ጎን በሩ ትልቁ ፍሪጅ ግን ወደ 91 ሴንቲ ሜትር ስለሚሰፋ ለእሱ ከመጀመሪያው መወሰን ያስፈልጋል፤ የቤቱን በር፣ የሕንፃውን ደረጃና ሊፍት ማለፉንም ከመግዛት በፊት በሜትር ማረጋገጥ ነው። ሴራሚኩም በፍሪጁ ሥር እስከ ግድግዳው ድረስ ይነጠፍ፤ ከፊቱ ብቻ ከተነጠፈ ፍሪጁ ጉድጓድ ውስጥ ይቀራል፣ ለጥገና ሲፈለግም አይወጣም።

እንግዲህ ካቢኔት ሊያሠሩ የተነሱ ሁሉ ፍሪጁን አስቀድመው ይግዙ፤ ካቢኔቱ ይከተል። ፈርኒቸር ቤት ሲሄዱም ከፎቶው ጋር አንድ ወረቀት ይያዙ፤ የፍሪጁ ስፋት፣ ቁመት፣ ከበሩ ጋርና ያለ በሩ ያለው ጥልቀት፣ በጎን፣ በጀርባና በአናት የሚተወው አየር በሴንቲ ሜትር ተጽፎበት። ያ ወረቀት ቀብድ ከመከፈሉ በፊት ከውሉ ጋር ይያያዝ።